የአምላካዊ ሕፃን ምሳሌ በጥንት ሕዝቦች ተረትና በኢትዮጵያ ሥዕል

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፥ በቦረና አገር የምትገኝ ከተማ ናት። የቦረናና የሳይንት ደጋ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ቁልቁል የሚመለከት ሲሆን፥ በቀድሞ ዘመን አምሐራ ወይም ቤተ አምሐራ ይባል ከነበረው አገር የሚቈጠር ነው። በዚህ አገር ተድባበ ማርያምን የመሰለች፥ ከክርስትና በፊት የኦሪት መሥዋዕት ይሠዋባት ነበር የሚል ትውፊት ያላት ደብር ትገኛለች። የመጽሐፈ ምሥጢርና የአርጋኖነ ማርያም ደራሲ የአባ ጊዮርጊስ ገዳም ጋስጫም በዚሁ በቦረና ነው። ነገሥታቱም ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናትን በአምሐራ ምድር አሠርተዋል። ከእነዚህ አንዱ ዐፄ በእደ ማርያም (1468–1478) ያሠሩትና የነገሥታት መቃብር የነበረው አትሮንሰ ማርያም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በአትሮንሰ ማርያም ከተፈጸሙት ነገሮች አንዱ፥ ሕፃንነትና አምላክነት በአንድ አካል እንዴት ይገለጣሉ ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መግቢያ ይሆናል። ኒቆላዎስ ብራንካሌዎን የተባለ የቬኒስ ሰው በ15ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በሠዓሊነት ይኖር ነበር። የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን በቈየበት ጊዜ አግኝቶታል፤ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ የኖረና በአገሩ ሰው ዘንድ መርቆሬዎስ ተብሎ የሚጠራ ባለጸጋ መሆኑንም ጽፏል። ኋላ ከተጻፉት የታሪክ መጻሕፍት እንደሚነበበው፥ ይህ ሠዓሊ በአትሮንሰ ማርያም እመቤታችንን ከልጇ ጋራ ሲሥላት ሕፃኑን በግራ ክንዷ አሳቀፋት። ሕዝቡም ይህን ባየ ጊዜ ታላቅ ሁከት ተነሣ። የዓለም ፈጣሪ በግራ እጅ መያዙ እንደ ንቀት ተቈጥሮ ሥዕሉ ይጥፋ ተባለ። ንጉሡ ግን የሕዝቡን ጩኸት ሳይቀበሉ ሥዕሉ በቦታው እንዲቈይ አደረጉ።

ቤተ ክርስቲያኑ በ1531 በኢማም አሕመድ ጦር ስለ ተቃጠለ፥ ዛሬ ሥዕሉን ዐይቶ መፍረድ አይቻልም። የነገሩ ትርጓሜ ግን ከሥዕሉ ጋራ አልተቃጠለም። የአንድ ሕፃን አቀማመጥ ስለ ምን ሕዝብን እስከ ማስቈጣት ደረሰ? ለዚህ መልስ ለማግኘት፥ አስቀድሞ የአምላካዊ ሕፃን ምሳሌ በልዩ ልዩ ሕዝቦች ዘንድ ያለውን መልክ፥ ቀጥሎም በኢትዮጵያ የያዘውን የራሱን መንገድ መመልከት ያስፈልጋል።

የአምላካዊ ሕፃን ተረት በጥንት ሕዝቦች

በጥንት ሕዝቦች ተረት ውስጥ አምላክ ወይም ታላቅ ንጉሥ የሚሆን ሕፃን ሲወለድ፥ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዐይነት መንገድ ይከተላል። በመጀመሪያ ሕፃኑን ለመግደል የሚፈልግ ኀይለኛ ይነሣል። ሁለተኛ፥ ሕፃኑ በዋሻ፥ በቄጠማ መካከል ወይም በእረኞች ቤት ይሰወራል። ሦስተኛ፥ የገዛ እናቱ ካልሆነች ሌላ ሴት ወይም እንስሳ ታጠባዋለች። አራተኛ፥ ገና ጡት ሳይጥል ከዐዋቂ የሚበልጥ ኀይል ይገለጥበታል።

የግሪኮች ተረት እንደሚለው፥ ክሮኖስ ልጆቹ መንግሥቱን እንዳይወስዱበት ፈርቶ እንደ ተወለዱ ይውጣቸው ነበር። እናታቸው ሬያ ዜውስን በወለደች ጊዜ ለባሏ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው፤ ሕፃኑንም በቀርጤስ ደሴት በዋሻ ሸሸገችው። በዚያም አማልቴያ የተባለች ፍየል አጠባችው፤ የልቅሶውም ድምፅ እንዳይሰማ ጐልማሶች ጋሻቸውን እያጋጩ ይጨፍሩ ነበር። በሕንድ አገር ደግሞ ክሪሽና በወህኒ ቤት ተወልዶ፥ ከካምሳ ሰይፍ ለማዳን በሌሊት የያሙናን ወንዝ አሻግረው ወደ ላም ጠባቂዎች መንደር ይወስዱታል። አሳዳጊው ያሾዳ አንድ ቀን አፈር በልተሃል ብላ አፉን ብታስከፍተው፥ ሰማይና ምድር በሙሉ በውስጡ ታዩአት ይባላል። የአካድ ንጉሥ ሳርጎን እናቱ በቅጥራን በተመረገ የሸምበቆ ቅርጫት አድርጋ በወንዝ ላይ እንደ ጣለችውና ውሃ ቀጂ አንሥቶ እንዳሳደገው የሚናገር ጽሑፍ በመስጴጦምያ ተገኝቷል። የነቢዩ ሙሴን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም።

ሊቃውንት ይህን ተመሳሳይነት በልዩ ልዩ መንገድ ተርጕመውታል። ኦቶ ራንክ በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በልጅና በአባት መካከል ካለው ትግል ጋራ አያያዘው። የሀንጋሪው ሊቅ ካርል ኬሬንዪና የስዊሱ ሐኪም ካርል ዩንግ ደግሞ በ1941 በጋራ ባወጡት መጽሐፍ፥ ሕፃኑ የጅማሬ ምሳሌ መሆኑን አስረዱ። በእነርሱ አተረጓጐም ሕፃን ከሁሉ የደከመ በመሆኑ ለሞት የቀረበ ነው፤ ነገር ግን ገና ያልተገለጠው የነገ ዘመን ሁሉ በእርሱ ውስጥ ስላለ ከሁሉ የበረታ ነው። ስለዚህ ድካምና ኀይል በአንድ አካል የሚገናኙበት ምሳሌ ሕፃን ሆነ።

ይህ አተረጓጐም ብዙ የሚያስረዳ ቢሆንም በቂ አይደለም። በሕፃናት ላይ ሞት በበረታባቸው ዘመናት፥ ከሞት ያመለጠ ሕፃን ታሪክ ለእናቶች ረቂቅ ምሳሌ ብቻ አልነበረም። በየቤቱ የሚፈራውን ነገር በስሙ የሚጠራ፥ መዳንም እንዳለ የሚናገር ቃል ነበር። ይህን ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው የግብጹ የሆሩስ ምስል ነው።

ሆሩስ በአዞ ላይ፥ ሱስንዮስ በፈረስ ላይ

በግብጻውያን ተረት ኢሲስ ባሏ ኦሲሪስ በወንድሙ በሴት ከተገደለ በኋላ ልጇን ሆሩስን በዓባይ ረግረግ ቄጠማ ውስጥ ሸሽጋ አሳደገችው። ሕፃኑም በጊንጥ ተነድፎ ለሞት ከደረሰ በኋላ ዳነ። ከዚህ የተነሣ ግብጻውያን ትንንሽ የድንጋይ ጽላት እየቀረጹ፥ ራቁቱን የቆመ፥ በአንድ ወገን ጕንጕን ጠጕር ያለው ሕፃን በሁለት አዞዎች ላይ ቆሞ በእጆቹ እባብና ጊንጥ አንበሳም ጨብጦ ያሳዩ ነበር። በጽላቱ ላይ በተቀረጸው ጽሑፍ ላይ ውሃ ይፈስና፥ ያን ውሃ እባብ ወይም ጊንጥ የነደፈው ሰው ይጠጣው ነበር።

ከእነዚህ ጽላቶች አንዱ ወደ ኢትዮጵያ ደርሷል። ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የነበረው የስኮትላንድ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፥ ከአክሱም የተገኘ እንዲህ ያለ ጽላት ዐይቶ ሥዕሉን በ1790 በታተመው የጕዞ መጽሐፉ አውጥቶታል። ጽላቱ በንግድ ይምጣ በስጦታ፥ የሆሩስ ሕፃንነት ምስል በአክሱም አገር እንግዳ ሆኖ አልቀረም ማለት ይቻላል። ይህ ግን የአክሱም ሰዎች ሆሩስን ያመልኩ ነበር ለማለት አያበቃም፤ አንድ ዕቃ የአንድን ሕዝብ እምነት አይመሰክርምና።

ከዚህ ይልቅ ለማነጻጸር የሚያመቸው ሕፃናትን ለመጠበቅ በኢትዮጵያ የሚያዘው የብራና ክታብ ነው። በየደጋው ልጅ የማይቀርላት ሴት፥ ሾተላይ አለባት የተባለችው፥ የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት የተጻፈበትን ክታብ በአንገቷ ስታስር ኖራለች። ታሪኩ እንደሚለው ውርዝልያ የተባለች የሱስንዮስ እኅት ከሰይጣን ጋራ ተባብራ ሕፃናትን ትገድል ነበር፤ የወንድሟንም ልጅ በገደለች ጊዜ ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ አሳድዶ በጦር ወጋት። በክታቡ ራስ ላይ ፈረሰኛው ቅዱስ፥ ወይም ሰይፍ የመዘዘ መልአክ ይሣላል።

የግብጹ ጽላትና የኢትዮጵያው ክታብ የሚገናኙት በሚያስፈልጉበት ሰዓት ነው፤ ሁለቱም የሚፈለጉት የሕፃን ነፍስ በአደጋ ላይ ስትሆን ነው። የሚለያዩበት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በግብጽ አዳኙ ሕፃኑ ራሱ ነው፤ አውሬውን የሚረግጠው የሕፃን እግር ነው። በክታቡ ግን ሕፃኑ አይታይም፤ ስለ እርሱ የሚዋጋለት ቅዱስ ወይም መልአክ ነው። በኢትዮጵያ ኀይል ያለው ሕፃን ሲፈለግ የሚገኘው ከክታቡ ይልቅ በእናቱ እቅፍ በተሣለው ሥዕል ነው። ከሕፃናት ሰማዕታትም ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋራ በፈላ ውሃ ጋን ውስጥ ሲጣል ቅዱስ ገብርኤል እንዳዳናቸው ሐምሌ 19 ቀን ይታሰባል። እዚህም ቢሆን የሦስት ዓመቱ ሕፃን የጸናው በእምነቱ ነው፤ እሳቱን ያበረደው መልአክ ነው።

የስደቱ ሕፃን በደጋው አበባ ወራት

ከሄሮድስ ሰይፍ የተሰደደው የክርስቶስ ሕፃንነት ታሪክ በኢትዮጵያ ከሌላው ዓለም ይልቅ ሰፊ ቦታ አግኝቷል። ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ ለ40 ቀን የጽጌ ወራት ይባላል። ክረምቱ ወጥቶ ደጋው በአደይ አበባ በሚሸፈንበት በዚህ ጊዜ፥ በየደብሩ ማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ይቆማል። በድርሰቱ እመቤታችን እንደ አበባ ተክል፥ ልጇም እንደ አበባዋና እንደ ፍሬዋ ይመሰላሉ። በጣና ቂርቆስ ደግሞ እናትና ልጅ በስደታቸው ወራት ወደዚያች ደሴት መጥተው ሦስት ወር ከዐሥር ቀን ተቀምጠዋል የሚል ትውፊት አለ። ስደቱን ወደ አገር ማስገባት የሩቁን ታሪክ በሚታወቅ ወንዝና በሚታወቅ ወር ለመያዝ ነው።

የሕፃንነት ተአምራትም በተአምረ ኢየሱስ ተጽፈው ይገኛሉ። ከእነርሱ መካከል የታወቀው ሕፃኑ ከጭቃ ወፎችን ሠርቶ እፍ ቢልባቸው በርረው መሄዳቸው ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) ይሠራ የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮንና ተከታዮቹ ከሣሏቸው ሥዕሎች፥ በሕፃኑ እጅ ወፍ የሚታይባቸው አሉ፤ ይህንም ከጭቃው ወፍ ተአምር ጋራ የሚያያይዙ ሊቃውንት አሉ።

ይህ የወፎች ነገር ለወሎ አገር ልዩ ትርጕም አለው። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ መንደር በሚኖሩበት በዚህ ምድር፥ የጭቃውን ወፍ ታሪክ ሁለቱም ያውቁታል፤ በቁርኣንም ዒሳ በአላህ ፈቃድ ከጭቃ የሠራው ወፍ ሕያው መሆኑ፥ በአንቀልባ ሳለም ስለ እናቱ ንጽሕና መናገሩ ተጽፏልና። አንዱ ወገን ሕፃኑን አምላክ ነው ሲል፥ ሌላው ነቢይ ነው ይላል፤ ልዩነቱም ታላቅ ነው። የሕፃኑን አፍና የእናቱን ስም በተመለከተ ግን ሁለቱም በክብር ይናገራሉ። ምጥ የያዛትን ሴት ሴቶች ከበው «ማርያም፥ ማርያም» ሲሉ፥ ከወለደችም በኋላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሏት፥ የሥዕሉ እናትና የጎጆዋ እናት በአንድ ስም ይጠራሉ።

ሽማግሌው ሕፃን

እስከዚህ የተቈጠሩት ነገሮች የኢትዮጵያን ሥዕል ከሌሎች ሕዝቦች ተረት ጋራ ያቀራርቡታል። ማነጻጸር ግን አንድ ነው ማለት አይደለም። ዜውስና ሆሩስ ሕፃን የነበሩት ለጊዜው ነው፤ አድገው የአባታቸውን ዙፋን ከያዙ በኋላ ሕፃንነታቸው ያለፈ ነገር ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን የታቀፈው ሕፃን በታቀፈበት ሰዓት ዘመናትን የፈጠረ ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫና በእርሱ ዘመን የነበሩ ደራስያን ይህንኑ በማያልቅ ንጽጽር ያመሰጥሩታል፤ ዓለምን የተሸከመውን እርሷ ተሸከመችው፥ ሁሉን የሚመግበውን እርሷ አጠባችው የሚል አገላለጽ በማርያም ድርሰቶች ሁሉ ይመላለሳል። አባ ጊዮርጊስ መጽሐፈ ምሥጢርን በ1424 የፈጸመው ስለዚህ ምሥጢር ትክክለኛ አነጋገር በአገሪቱ ብርቱ ክርክር በነበረበት ጊዜ ነው።

ሠዓሊውም ይህን ትምህርት በቀለም መናገር ነበረበት። ስለዚህ በኢትዮጵያ ሥዕል ሕፃኑ እንደ ሕፃን አይመስልም። ፊቱ የዐዋቂ ነው፤ ልብሱ የንጉሥ ነው፤ በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው ይባርካል። የአውሮፓ ተመልካች ይህን ባየ ጊዜ ሠዓሊው የሕፃን መልክ መሣል አልቻለም ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥላሴ እንደ ሦስት ሽበታም ሽማግሎች ተሥለው ይታያሉ፤ በእናቱ እቅፍ ያለው ከእነርሱ አንዱ መሆኑን ምእመኑ እንዳይረሳ፥ በሕፃኑ ፊት ላይ የዘመናት ሽምግልና መታየት አለበት።

አንዳንድ ሊቃውንት የምታጠባዋ ማርያም ሥዕል፥ በግብጽ ገዳማት በሳቃራና በባዊት እንደሚታየው፥ ሆሩስን ከምታጠባው ከኢሲስ ምስል የመጣ ነው ይላሉ። ኢሲስ በፊላይ ደሴት እስከ 6ኛው መቶ ዓመት ድረስ ትመለክ ስለ ነበረ ሐሳቡ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን እናት ልጇን ማጥባቷ ከማንም መዋስ የማያስፈልገው ነገር ነው፤ መልኩ ቢመሳሰል እንኳ የሚያስረዳው ነገር ሌላ ነው። ኢሲስ የምታጠባው ልጇ ዙፋን እንዲይዝ ነው፤ ማርያም የምታጠባው ግን አምላክ በእውነት ሥጋ መልበሱን ያስረዳል፤ መራብና መጥባት የእውነተኛ ሥጋ ምልክት ነውና።

ቀኝና ግራ

አሁን ወደ አትሮንሰ ማርያም ነገር መመለስ ይቻላል። በኢትዮጵያ ልማድ ቀኝ የክብር ወገን ነው። የሚበላው በቀኝ ነው፤ ለትልቅ ሰው በግራ እጅ መስጠትና መቀበል ነውር ነው። በጦር አሰላለፍ ቀኝ አዝማች ከግራ አዝማች ይቀድማል። ማልዶ ከቤቱ የሚወጣ ሰው «ቀኝ አውለኝ» ብሎ ይጸልያል። በፍርድ ቀንም ጻድቃን በቀኝ፥ ኃጥኣን በግራ እንደሚቆሙ በወንጌል የተማረ ሕዝብ፥ የፍርድ ጌታ ራሱ በግራ ተቀምጦ ቢያይ መደንገጡ አያስገርምም። የሕዝቡ ቍጣ ሥዕሉን ካለማወቅ የመጣ አልነበረም፤ ይልቁንም ሥዕል እንደ መጽሐፍ እንደሚነበብ ጠንቅቆ ከማወቅ የመጣ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግን ነገሩን ገልብጦታል። ሮማ በሚገኘው በታላቁ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለው የእመቤታችን ሥዕል በ1569 በጳጳሱ ፈቃድ ተገልብጦ፥ ኢየሱሳውያን ወደ ብዙ አገር አሠራጩት፤ ወደ ኢትዮጵያም አመጡት። በዚህ ሥዕል እመቤታችን እጆቿን አጣምራ፥ ከጣቶቿ ሁለቱን ዘርግታ፥ መሐረብ ይዛ ትታያለች፤ ሕፃኑም መጽሐፍ ይዞ በግራ ክንዷ ተቀምጧል። ኢየሱሳውያን ከዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) በኋላ ከአገር ተባረሩ፤ ሥዕላቸው ግን ቀረ። የጐንደር ሠዓሊዎች ተቀብለው፥ ቅዱስ ሚካኤልንና ቅዱስ ገብርኤልን ሰይፍ አስመዝዘው በቀኝና በግራ አቆሙላት፤ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ተብሎም በየደብሩ የታወቀው መልክ ይህ ሆነ። በአትሮንሰ ማርያም ሁከት ያስነሣው ግራ ክንድ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት የተለመደ ሆነ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የቀኝ ክብር አልቀነሰም፤ ሥዕሉ የሚነበብበት ወገን ተለወጠ እንጂ። ሥዕሉን በእናቲቱ ወገን ሆኖ ለሚያነብ ሕፃኑ በግራ ነው። በሕፃኑ ወገን ሆኖ ለሚያነብ ግን እናቲቱ በቀኙ ናት። የቤተ ክርስቲያን መምህራን በመዝሙር 44 ንግሥቲቱ በንጉሡ ቀኝ እንደምትቆም የተነገረውን ለእመቤታችን ተርጕመው፥ ሕፃኑ በግራዋ መሆኑ እርሷ በቀኙ እንድትሆን ነው ብለው ያስተምራሉ። በመጀመሪያው አነባበብ የሥዕሉ መለኪያ የእናቲቱ ክንድ ነበረ፤ ሕፃኑም የታቀፈ ልጅ ነው። በሁለተኛው አነባበብ መለኪያው ሕፃኑ ነው፤ እርሱ በዙፋን የተቀመጠ ንጉሥ፥ የእናቱ እቅፍም ዙፋኑ ነው። አትሮንስ የሚለው ስም ራሱ ዙፋን ማለት መሆኑን የሚያስታውስ ሰው፥ የቤተ ክርስቲያኑ ስም ከሁከቱ በፊት ለዚህ አነባበብ ቃል አዘጋጅቶ እንደ ነበር ይረዳል።

ስለዚህ የአምላካዊ ሕፃንን ምሳሌ የሚመረምር ሰው፥ ቅርጹ ከወዴት እንደ መጣ ብቻ ቢጠይቅ ሥራው ከግማሽ ይቀራል። ቅርጹ ከቬኒስም ከሮማም፥ ምናልባትም ከግብጽ ሊመጣ ይችላል። ትርጕሙን የሚሰጡት ግን በፊቱ ቆመው የሚጸልዩትና የሚያስተምሩት ሰዎች ናቸው። በቦረና፥ በሳይንትና በዙሪያቸው ባሉ አድባራት የሚገኙት ሥዕሎች ሲመዘገቡ ሕፃኑ በየትኛው ክንድ እንዳለ፥ በእጁ መጽሐፍ ወይም ወፍ መያዙን መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ መሪጌታውና ቄሰ ገበዙ ስለዚያው ክንድ የሚሉትም አብሮ መጻፍ አለበት። አትሮንሰ ማርያም ሲቃጠል ሥዕሉ ጠፍቶ ክርክሩ ብቻ ደረሰን። ትርጓሜውን የያዙት መምህራን ሳይጠየቁ ቢያልፉ ደግሞ ሥዕሉ ቀርቶ አነባበቡ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ሕፃኑ በማን ቀኝ፥ በማንስ ግራ እንዳለ የሚያስረዳ ሰው አይገኝም።